«ደካማ ጎንሽ ምንድን ነው?» ሲሉኝ ምን ልመልስ?

ጀማሪዋ አካውንታንት፦

ሰላም ለሁላችሁም። በሚቀጥለው ሳምንት ኢንተርቪው አለኝ። ቦታው ጀማሪ አካውንታንት ነው። ስለ መዝገብ አያያዝ፣ ስለ ባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ ስለ ኤክሴል የፈለጉትን ቢጠይቁኝ ተዘጋጅቻለሁ። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። «ጠንካራ ጎንሽን ንገሪን» የሚለውና ተከትሎት የሚመጣው «ደካማ ጎንሽስ?» የሚለው።

ያማከርኳቸው ሰዎች ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የሚነግሩኝ። አንዱ «ሥራ ከያዝኩ እረፍት አላውቅም በይ» ይለኛል። ሌላዋ «ደካማ ጎን የለኝም በይና እለፊው» አለችኝ። ሦስተኛው ደግሞ «እውነቱን ንገሪያቸው» ይላል። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ ሰው ፊት ቆሜ ሳወራ ድምፄ ይንቀጠቀጣል። ሰው ሥራ ሲጭንብኝ እምቢ ማለት ይከብደኛል። አንድ ነገር ካልገባኝ ደግሞ ለመጠየቅ ስለማፍር ብቻዬን ስታገል ሰዓቱ ይሄዳል።

ከነዚህ የትኛው ይነገራል? የትኛውስ ሥራውን ያሳጣኛል? ኢንተርቪው ያደረጋችሁም፣ ጠያቂ ሆናችሁ የተቀመጣችሁም እባካችሁ እርዱኝ።

ከጠያቂ ወንበር፦

እህቴ፣ ለኢንተርቪው መጠራትሽ በራሱ ጥሩ ነገር ነው። ሲቪሽ አልፏል ማለት ነው። እኔ ብዙ ዓመት በሰው ኃይል ክፍል ሠርቻለሁ፤ ይህን ጥያቄ ጠይቄያለሁ፣ መልሱንም በየዓይነቱ ሰምቻለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደሚጠየቅ ይግባሽ። ጀማሪ የሚቀጥር ሰው ሁሉን የሚያውቅ ሰው አይጠብቅም። ሥራውን ገና እንደምትማሪ ያውቃል። ማወቅ የሚፈልገው ስህተትሽ ሲነገርሽ ትቀበያለሽ ወይስ ትከራከሪያለሽ የሚለውን ነው። ደካማ ጎንሽን ከተናገርሽ በኋላ የምትዪው ነገር ከደካማው ጎን ራሱ በላይ የሚመዘነውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ «ደካማ ጎን የለኝም» የሚለውን ከአእምሮሽ አውጪው። እኔ በተቀመጥኩባቸው ፓነሎች ያን መልስ በራስ መተማመን ብሎ የቆጠረው ሰው አላስታውስም። ወይ ራሷን አታውቅም፣ ወይ እኛን አታምነንም ነው የሚባለው።

«እረፍት አላውቅም»፣ «ሁሉ ነገር ፍጹም ካልሆነ አልረካም» የሚለውም እንደዚያው ነው። ይህ ሙገሳ ነው፤ ደካማ ጎን አይደለም። ጠያቂው ሰምቶት ሰምቶት ሰልችቶታል። እንዲህ ዓይነቱን የተሸፈነ ጉራ ያጠና ምርምር እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ተማሪዎች ትልቁ ደካማ ጎናቸው ምን እንደሆነ ለሥራ ኢንተርቪው እንደሚመልሱ ሆነው እንዲጽፉ ተደረገ። አብዛኞቹ ጉራቸውን በድክመት ሸፍነው ጻፉ። መልሶቹን ያነበቡት ሰዎች ግን ለመቅጠር ይበልጥ የወደዱት እውነተኛ ድክመታቸውን የጻፉትን ነበር።

ወደ አንቺ ሦስት ነገሮች ስመጣ፣ ሰው ፊት ማውራት መፍራት ለዚህ ቦታ ጉዳት የለውም። ግን ብዙ ሰው የሚለው ስለሆነ ተመርጦ የመጣ ይመስላል። እምቢ ማለት አለመቻልም በጣም የተለመደ ነው። ሦስተኛው፣ አለመጠየቅሽ፣ ከሦስቱ ይበልጥ እውነት የሚመስለው እሱ ነው። አደጋም አለው። ሒሳብ ላይ ያልገባሽን ነገር ይዘሽ ዝም ካልሽ ስህተቱ የሚገኘው ወር ሲዘጋ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ስንት ነገር ላይ ተደርቦበታል። ግን ይህን ልማድ ለመለወጥ የጀመርሽው ነገር ካለ፣ ከሁሉም ጠንካራው መልስ ይሆንልሻል። ገና ምንም ካልጀመርሽ አትንኪው።

ጀምረሻል?

ኮድ ጸሐፊው፦

እኔ ጥያቄው ራሱ መቅረት አለበት ባይ ነኝ። ከልቤ ነው። በቡድናችን አዲስ ሰው ሲቀጠር ጠያቂ ሆኜ ገብቼ አይቻለሁ። አመልካቹ መልሱን አጥንቶ ይመጣል። እኛም አጥንቶ እንደመጣ እናውቃለን። እሱም እንደምናውቅ ያውቃል። እንግዲህ ከዚህ ምን ይገኛል? ያገኘነው ጥሩ ያጠና ሰው ነው።

ይልቅ «የሠራኸው ነገር የተበላሸበትን አንድ ጊዜ ንገረን፤ መበላሸቱን እንዴት አወቅህ? ከዚያስ ምን አደረግህ?» ብትለው ሰውየው ወደ ትክክለኛ ቀን፣ ወደ ትክክለኛ ሥራ መመለስ አለበት። እዚያ ላይ መዋሸት ይከብዳል። ሁለተኛ ጥያቄ ስታስከትልበት ዝርዝሩ ከሌለው ይታያል።

ሰው ራሱን በሁለት ቅጽል እንዲገልጽ ጠይቆ በዚያ መፍረድ ግን አመልካቹንም መበደል ነው። በተለይ ዓይነ አፋር የሆነውን፣ በተለይ ጀማሪውን።

ከጠያቂ ወንበር፦

በዚህ አልከራከርህም፤ ትክክል ብለሃል። የቅጥር ምርምሩም ከአንተ ጋር ነው። ሽሚትና ሃንተር የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 የ85 ዓመት ጥናቶችን አጠቃለው ሲያወጡ፣ የተዋቀረ ኢንተርቪው ከሥራ ውጤት ጋር ያለው ዝምድና (0 ምንም ዝምድና የለም፣ 1 ፍጹም ዝምድና ማለት ነው) 0.51፣ እንደ መጣ የሚካሄደው ደግሞ 0.38 ሆኖ ነበር። የተዋቀረ ማለት ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት መስፈርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሌሎች ተመራማሪዎች ስሌቱን እንደገና ሲሠሩት የተዋቀረው ቁጥር ወደ 0.42 ዝቅ ቢልም፣ ከመምረጫ መንገዶች ሁሉ ላይ የተቀመጠው የተዋቀረው ኢንተርቪው ነው።

እኔ ይህን ጥያቄ መጠየቅ ከተውኩ ቆየሁ። አንተ ባልከው መንገድ ነው የምጠይቀው። ግን እህታችን ጠያቂውን መለወጥ አትችልም። ሰኞ ይሁን ማክሰኞ ገብታ ስትቀመጥ ጥያቄው ሊመጣባት ይችላል። ደግሞ ልብ በል፤ አንተ የምትወደውን ጥያቄ በደንብ የሚመልስ ሰው ይህኛውንም ይመልሰዋል። ለሁለቱም የሚያስፈልገው አንድ እውነተኛ ሥራ ላይ የሆነ ነገር ነው።

ሥነ ልቦና ተማሪ፦

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ቅደም ተከተል ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤልዮት አሮንሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1966 ያደረጉት ሙከራ አለ። ተሳታፊዎች የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ የሚወዳደር ሰው በቴፕ ሰሙ። አንዱ ተወዳዳሪ ከጥያቄዎቹ 92 በመቶውን ይመልሳል። ሌላው የሚመልሰው 30 በመቶ ብቻ ነው። በአንዳንዶቹ ቅጂዎች ላይ ተወዳዳሪው መጨረሻ ላይ ቡና ልብሱ ላይ ያፈሳል። ጎበዙ ቡና ሲያፈስ ሰሚዎቹ ይበልጥ ወደዱት። 30 በመቶ የመለሰው ሲያፈስ ግን ከበፊቱም ያነሰ ወደዱት። አንድ ዓይነት ስህተት፣ ተቃራኒ ውጤት።

ሙከራው ስለ ሥራ ቅጥር አይደለም፤ ከሚገባው በላይ ልለጥጠው አልፈልግም። ግን የሚጠቁመው ነገር አለ። ብቃትሽ አስቀድሞ ከታየ ድክመትሽ ሰው ያደርግሻል። ብቃትሽ ካልታየ ያው ድክመት ጥርጣሬያቸውን ያጠናክራል። ብዙ ሰው ለደካማ ጎን መልስ ቀን ከሌት ይጨነቅና ለጠንካራ ጎኑ «ታታሪ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ፣ ከሰው ጋር እግባባለሁ» ብሎ ያልፋል። ከዚያ ድክመቱ ብቻ በጠያቂው ጆሮ ይቀራል።

ጀማሪዋ፣ የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢው። ስለ ደካማ ጎንሽ በዝርዝር ነገርሽን። ስለ ጠንካራው አንድ ቃል የለም።

የማታ ተረኛ ነርስ፦

ሥራው ምንድን ነው የሚለውን አትርሱ። እኔ ነርስ ነኝ። በእኛ ሙያ «አንዳንዴ ዝርዝር ነገር ይዘነጋኛል» የሚል ሰው እዚያው ላይ አለቀለት። የመድኃኒት መጠን ለሚዘነጋ ሰው ሕመምተኛ አይሰጥም። ያው መልስ ሌላ ቦታ ላይ ምንም ላይሆን ይችላል።

እኔ የተናገርኩት የራሴ እውነት እንዲህ ነበር። ተራ ስንለዋወጥ ለሚተካኝ ባልደረባ ርክክብ ሳደርግ አበዛለሁ። ሁሉንም መናገር ስለምፈልግ ዋናው ነገር በመሃል ይጠፋል። ኃላፊዬ ይህንን ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ከመረከቡ በፊት በየሕመምተኛው ሁኔታውን፣ የኋላ ታሪኩን፣ ያየሁትንና መደረግ ያለበትን በአጭሩ ጽፌ እገባለሁ። አሁንም አንዳንዴ እንደማበዛ አልደበቅኩም።

ጠያቂዋ ወዲያው የጠየቀችኝ «ኃላፊሽ ስትነግርሽ ምን ተሰማሽ?» ብላ ነው። ለዚያ አልተዘጋጀሁም ነበር። «መጀመሪያ ከፋኝ፣ ሁለት ቀን ቆይቼ ሳስበው እውነቷን ነው አልኩ» አልኳት። ተቀጠርኩ። ለምን እንደተቀጠርኩ ማንም አልነገረኝም፤ ስለዚህ በዚህ መልስ ነው አልልም። ግን የሚከተለው ጥያቄ ከመጀመሪያው ጥያቄ በላይ ከባድ መሆኑን እወቂ።

ዝምተኛው፦

ለኔ ደካማ ጎን ችግር አይደለም። ደርዘን መዘርዘር እችላለሁ። ጠንካራ ጎን ሲባል ነው ምላሴ የሚተሳሰረው። ራሴን ሳወድስ ያሳፍረኛል። «ጎበዝ ነኝ» የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። ባወጣውም ውሸት የተናገርኩ ይመስለኛል። እንደኔ ያለ ሰው ምን ያድርግ?

የሽያጭ ሰው፦

ዝምተኛው፣ አንተ «ጎበዝ ነኝ» ማለት አያስፈልግህም። የሠራኸውን ተናገርና ጎበዝ የሚለውን እነሱ ይበሉት።

ልዩነቱን እይ። «የማደራጀት ችሎታ አለኝ» ሙገሳ ነው። «የደንበኞች ቅሬታ በሦስት ሰዎች ኢሜይል ውስጥ ተበታትኖ ነበር። አንድ የጋራ ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ ሁሉም እዚያ እንዲገባ አደረግኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ደንበኛ ሁለት ጊዜ ደውሎ ሁለት የተለያየ መልስ ማግኘቱ ቀረ።» ይህ ሙገሳ ነው? የሆነ ነገር ነው የነገርካቸው። ራስህን አላወደስክም። ግን ማደራጀት እንደምትችል የማይገባው ሰው የለም።

ምን እንደነበረ፣ ያንተ ድርሻ ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳደረግክ፣ ምን እንደተለወጠ። በዚህ ቅደም ተከተል ተናገር፤ ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መሃሉ ላይ ነው። ስለ ድርጅቱ፣ ስለ ችግሩ፣ ስለ ባልደረቦቹ ይተርካል፤ ራሱ ምን እንዳደረገ ሲደርስ «ከዚያ ተፈታ» ብሎ ይጨርሳል። «እኛ» እያልክ ብቻ አትጨርስ። ቡድኑን አመስግን፣ ከዚያ የራስህን ክፍል በግልጽ ለይ።

ሌላው ነገር የሥራ ማስታወቂያውን አንብብ። በእርሳስ አስምርበት። «ጥንቃቄ»፣ «በጊዜ ማድረስ»፣ «ከሌሎች ክፍሎች ጋር መሥራት» የሚሉት ከተደጋገሙ የምትናገረው ጠንካራ ጎን ከነዚያ አንዱ ይሁን። ጎበዝ ዋናተኛ መሆንህ ደስ ይላል፤ ግን በዚያ አይቀጥሩህም።

ሥነ ልቦና ተማሪ፦

ዝምተኛው፣ ጠንካራ ጎንህን ለማወቅ ራስህን ብቻ አትጠይቅ። ሰው ራሱን ሲመዝን ይሳሳታል፤ ወደ ላይም ወደ ታችም። ደኒንግና ክሩገር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት የታወቀ ጥናት፣ በፈተናው የመጨረሻው ሩብ ላይ የወደቁት ሰዎች ውጤታቸው በአማካይ ከታች ሲቆጠር ከመቶ 12ኛ እርከን ላይ ነበር፤ ከመቶ ሰው 12ቱን ያህል ብቻ ይበልጡ ነበር ማለት ነው። ራሳቸውን የገመቱት ግን 62ኛ ላይ ነው። በዚያው ጥናት እጅግ ጎበዞቹ ደግሞ ከሌላው ሰው ጋር ሲነጻጸሩ የት እንዳሉ ዝቅ አድርገው ገምተዋል። ለእነሱ የቀለላቸው ለሁሉም የሚቀል መሰላቸው።

አንተ ምናልባት ከሁለተኞቹ ነህ። አብረውህ የሠሩ ወይም የተማሩ ሁለት ሦስት ሰዎችን «ምን ሲያስፈልጋችሁ ነው ወደ እኔ የምትመጡት?» ብለህ ጠይቃቸው። «ጠንካራ ጎኔ ምንድን ነው?» ብትላቸው ይሉኝታ ይዟቸው ያሞግሱሃል። ለምን እንደሚፈልጉህ ስትጠይቃቸው ግን እውነተኛውን ይነግሩሃል።

ዝምተኛው፦

ይሄኛውን ዛሬውኑ አደርገዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ጀማሪዋ አካውንታንት፦

በጣም አመሰግናለሁ። እውነት ለመናገር ይህን ያህል አልጠበቅኩም።

ከጠያቂ ወንበር፣ «ጀምረሻል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አዎ ጀምሬያለሁ። የተለማማጅነት ጊዜዬ ላይ አንድ የአቅራቢዎች ሒሳብ አልታረቅ ብሎኝ ቀኑን ሙሉ ይዤው ዋልኩ። ለኃላፊዬ ስነግረው ወዲያው አየው። አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። ከዚያ በኋላ ራሴን በሰዓት ወሰንኩ። ግማሽ ሰዓት እሞክራለሁ። ካልሆነ የሞከርኩትን ጽፌ እጠይቃለሁ።

መልሱን እንዲህ አረቀቅኩት፦

«ደካማ ጎኔ አንዳንዴ ጥያቄ ለመጠየቅ ትንሽ እፈራለሁ። ይህ የሆነው ከልጅነቴ ጀምሮ ዝምተኛ ስለሆንኩ ነው። ነገር ግን አሁን ይህን ችግር ሙሉ በሙሉ ቀርፌዋለሁ። እንዲያውም ብቻዬን መታገሌ ራሴን ችዬ መሥራት እንድችል ረድቶኛል።»

ምን ትላላችሁ?

ከጠያቂ ወንበር፦

ከላይ የነገርሽን ታሪክ ከመልሱ ይበልጣል። ታሪኩን ትተሽው መልስ ጻፍሽ።

በመስመር በመስመር ልሂድ። «አንዳንዴ» እና «ትንሽ» ይውጡ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ መሸሽ ይመስላል። «ከልጅነቴ ጀምሮ» የሚለውም አያስፈልግም፤ ስለ አስተዳደግሽ አልጠየቁሽም፣ ካነሳሽው ደግሞ ወደዚያ ይሄዳሉ። «ሙሉ በሙሉ ቀርፌዋለሁ» የሚለውን ማንም አያምንሽም። ልማድ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። «እየተሻሻልኩ ነው፤ አሁንም አዲስ ሰው ሲሆን ይከብደኛል» ብትዪ ይበልጥ ይታመናል።

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ደግሞ የሠራሽውን ሁሉ ታፈርሳለች። ድክመቱን ወደ ጥንካሬ ገለበጥሽው። መጀመሪያ ላይ ያወራንበት የተሸፈነ ጉራ በሌላ በር ተመልሶ ገባ።

ግማሽ ሰዓቱን፣ ሁለት ጊዜ የተመዘገበውን ደረሰኝ፣ የሞከርሽውን ጽፈሽ መሄድሽን አስገቢ። መልስሽ እሱ ነው።

አንድ ምስጢር የመጠበቅ ነገርም አለ። የተለማመድሽበትን ድርጅት የውስጥ ቁጥር፣ የአቅራቢዎቹን ስም አትጥሪ። «አንድ አቅራቢ» ይበቃል። ሒሳብ ሠራተኛ የሌላውን ድርጅት ሒሳብ በኢንተርቪው ሲያወራ ጠያቂው ነገ ስለ እኔስ ምን ይላል ብሎ ያስባል።

እንደገና ፈላጊዋ፦

ይቅርታ፣ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ልጨምር። እኔ በሕመም ምክንያት ለአንድ ዓመት ያህል ከሥራ ርቄ ነበር። ጭንቀት ነው ሐኪሞቹ ያሉኝ። አሁን ደህና ነኝ። ደካማ ጎን ሲሉኝ ይህን መናገር አለብኝ? ካልተናገርኩ የደበቅኩ ይመስለኛል።

የማታ ተረኛ ነርስ፦

የኔ እህት፣ እንኳን ተሻለሽ። አይ፣ መናገር የለብሽም። ሕመም ደካማ ጎን አይደለም። እነሱ የጠየቁሽ ስለ ሥራ ልማድሽ ነው፤ ስለ ጤናሽ አይደለም። የሕክምና ታሪክሽ ያንቺ ነው። ለጠያቂ ያለመንገርሽ መዋሸት አይሆንም።

ከጠያቂ ወንበር፦

ነርሷ ባለችው እስማማለሁ። በሲቪሽ ላይ ስላለው ክፍተት ከጠየቁሽ «ለጤና ጉዳይ ከሥራ ርቄ ነበር፣ አሁን ተፈቷል፣ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» በቂ ነው። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሺ። በሥራ ላይ የተለየ ማመቻቸት የሚያስፈልግሽ ከሆነ ያ ሌላ ውይይት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሥራው ከተሰጠሽ በኋላ ቢነሳ ይሻላል። በየሀገሩ ሕጉ ስለሚለያይ የሀገርሽን የሠራተኛ ሕግ አስቀድመሽ እዪ።

የቤተሰብ ጉዳይም እንደዚሁ ነው። «ልጅ ስላለኝ ማምሸት አልችልም» የሚለውን ለደካማ ጎን ጥያቄ መልስ አድርገው የሚያመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል፣ በብዛት ሴቶች። ያሳዝነኛል። የሥራ ሰዓት ገደብ ካለሽ ስለ ሥራ ሰዓት ሲወራ በግልጽ ተነጋገሪበት። እንደ ጉድለትሽ አድርገሽ ግን አታቅርቢው።

ኮድ ጸሐፊው፦

ጥያቄውን እንደማልወደው ተናግሬያለሁ፤ አሁንም አልወደውም። ግን ከመጣ አይቀር ጠያቂ ሆኜ የማስከትላቸውን ልንገርሽ፤ ተለማመጂባቸው።

አንዱ «ሌላስ?» ነው። አንድ ደካማ ጎን አዘጋጅተሽ ሁለተኛ ሲጠይቁሽ እንዳትደነግጪ። ሁለተኛውን አጭር አድርጊው። ሰው ፊት ማውራቱን ለዚህ አስቀምጪው።

ሌላው «የቀድሞ ኃላፊሽን ብንጠይቀው ምን ይለናል?» ነው። ይህ ወጥመድ አይደለም፤ በእርግጥም ሊደውሉለት ይችላሉ። ስለዚህ ከምትጠቅሺያቸው ሰዎች ጋር አስቀድመሽ አውሪ። ኃላፊሽ ሌላ ታሪክ፣ አንቺ ሌላ ታሪክ ይዛችሁ እንዳትገናኙ።

የምወደው ደግሞ «ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስትጠይቂ ኃላፊሽ ቢቆጣሽስ?» ዓይነቱ ነው። አንቺን ብጠይቅ ይህን ነበር የምጠይቀው። የደንብሽን ጫፍ መንካት ነው። መልስ አለሽ?

ጀማሪዋ አካውንታንት፦

ኮድ ጸሐፊው፣ ቢቆጣም እጠይቃለሁ። የሞከርኩትን ጽፌ ስለምሄድ ጊዜውን እንደማላባክን ያየዋል። ካልተመቸው ደግሞ መቼ ልምጣ ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ እስከዚያ ሌላውን ሥራ እቀጥላለሁ። ግምት ጽፌ ግን አላልፍም።

አሁን እንዲህ ሆኗል። ጠንካራውንም አዘጋጅቻለሁ።

ጠንካራ ጎን፦ «ጥንቃቄዬ ነው። ተለማማጅ ሳለሁ የጥቃቅን ወጪዎች ሣጥን የሚያዘው በወረቀት ነበር። ደረሰኝ ይጠፋ ነበር። እያንዳንዱ ደረሰኝ ተራ ቁጥር እንዲኖረው፣ ገንዘቡም ከመውጣቱ በፊት ኤክሴል ላይ እንዲመዘገብ ሐሳብ አቀረብኩ። ኃላፊዬ ተስማማ። ሠንጠረዡን ሠራሁት፣ በየቀኑም ያስታረቅኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ በወር መጨረሻ ደረሰኝ ፍለጋ ቀረ።»

ደካማ ጎን፦ «ያልገባኝን ነገር ቶሎ አልጠይቅም ነበር። አንድ የአቅራቢ ሒሳብ አልታረቅ ብሎኝ ቀኑን ሙሉ ይዤው ዋልኩ። ኃላፊዬ ሲያየው አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ሰዓት እሞክራለሁ፤ ካልሆነ የሞከርኩትን ጽፌ እጠይቃለሁ። አዲስ ሰው ሲሆን አሁንም ይከብደኛል፤ ግን እጠይቃለሁ።»

የሽያጭ ሰው፦

በጣም ጥሩ ነው። አንድ ምክር ብቻ፣ በቃል አትያዢው። ዋና ዋና ነገሮቹን ብቻ ያዢ፦ ሣጥን፣ ተራ ቁጥር፣ ሠንጠረዥ፤ አቅራቢ፣ ደረሰኝ፣ ግማሽ ሰዓት። ቃሉ በየጊዜው ይለያይ። በቃል የያዝሽው እንደሆነ በመሃል ሲያቋርጡሽ የት እንደነበርሽ ይጠፋሻል። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ለአንድ ሰው ተናገሪው፤ በልብ ማንበብ አይቆጠርም። ድምፄ ይንቀጠቀጣል ያልሽውም የሚሻሻለው በዚህ ነው።

ሥነ ልቦና ተማሪ፦

ጠንካራውን አስቀድመሽ ተናገሪ። ደካማውን መጀመሪያ ከጠየቁሽም ጉዳት የለውም፤ መልሺና ጠንካራው ሲመጣ ጊዜ ስጪው። ሁለቱን በአንድ ጥያቄ ካመጡት ግን ቅደም ተከተሉን የምትመርጪው አንቺ ነሽ።

ከጠያቂ ወንበር፦

ደካማው መልስ ከአንድ ደቂቃ አይለፍ። ስትጨርሺ ዝም በይ። ብዙ አመልካች ጥሩ መልስ ይመልስና ጠያቂው ማስታወሻ ሲጽፍ ዝምታው ሲያስጨንቀው «ማለቴ ግን ያን ያህል አይደለም…» እያለ መልሶ ያፈርሰዋል። ጠያቂው ዝም ያለው እየጻፈ ስለሆነ ነው።

መጨረሻ ላይ «የምትጠይቂን ነገር አለ?» ሲሉሽ «አዲስ ሠራተኛ ጥያቄ ሲኖረው ማንን ነው የሚጠይቀው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ከመልሱ ለአንቺ የሚሆን ቦታ መሆኑን ታውቂያለሽ። ፊታቸው ላይ መሰላቸት ካየሽ፣ ወይም «እዚህ ሁሉም ራሱን ችሎ ነው የሚሠራው» ካሉሽ፣ ሥራውን ቢሰጡሽ እንኳን ከመፈረምሽ በፊት ደጋግመሽ አስቢበት።